ጆሮውን የደፈነው

ቴሌቪዥን ጣቢያ የተቀጠርኩ ዕለት የድምፅ ክፍል ኃላፊያችን የጆሮ ማዳመጫውን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና፣ «ያንተ ሥራ ጸጥታ ማስከበር ነው። ሳል እንኳ ከተቀዳ ጥፋቱ ያንተ ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ግትር ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያስልና ወንበር የሚያንቋቋ ሁሉ ጠላቴ ሆነ።

የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ደብረ ማርቆስ ተላክሁ። የእንግዳና የሙዚቃ ዝግጅታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከስቱዲዮ ወጥቶ ሕዝብ ፊት ሊቀረጽ ነው። ኃላፊዬ ሲሸኙኝ፣ «ድምፁን አበላሽተህ ከመጣህ ቋሚነቱን እርሳው» አሉኝ።

እንግዳችን ከይጁቤ በኩል የመጡ አያ አላምረው የሚባሉ ማሲንቆ ተጫዋች ነበሩ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሏል። የያዝነው ሦስት ጥቅል ፊልም ነው፤ አንዱ ጥቅል አሥር ደቂቃ ያህል ይሄዳል። እኔ እጄን ካነሳሁ ድምፅ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ካሜራው ይቆማል።

በመጀመሪያው ጥቅል ጋሽ በቀለ፣ የዝግጅቱ አቅራቢ፣ ጥያቄያቸውን ጠየቁ።

«ማሲንቆ ማን አስተማረዎት?»

«አባቴ ናቸዋ! እሳቸው እህል ሲያበራዩ እየሰረቅሁ እገዘግዘው ነበር። የያዙኝ ቀን ገርፈው፣ ገርፈው፣ ሲደክማቸው አስተማሩኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቃለ መጠይቁ ተዋጣ፤ እሰይ አልኩ።

ሁለተኛው ጥቅል ለዘፈን ነበር። አያ አላምረው ገና ማሲንቆውን ሲነኩት ከወዲህ «ተቀበል!» ከወዲያ «ተቀበል!» ይባል ጀመር። ሰው ግጥም ይሰጣል፣ እሳቸው ተቀብለው ያዜማሉ። እኔ እጄን አነሳሁ። እንደገና ተጀመረ፤ እንደገና ጮኹ፤ እንደገና አነሳሁ። እንዲህ ስንል ጥቅሉ አለቀ።

በንዴት መድረክ ላይ ወጥቼ፣ «እባካችሁ፣ ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር!» አልኩ።

አያ አላምረው ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እኔ ብቻዬን ምን አውቄ እዘፍናለሁ? ሰዉ ነው የሚሰጠኝ።»

«ለዛሬ ብቻ ይቻሉት፣ አባቴ።»

«እንግዲህ እንዳልክ» አሉና ትከሻቸውን ሰበቁ።

የመጨረሻው ጥቅል መዞር ጀመረ። አዳራሹ እረጭ አለ። በማዳመጫዬ የሚሰማኝ የጭራው ድምፅ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ድምፅ ቀድቼ አላውቅም። ዘፈኑ ግን ሞተ! አያ አላምረው ሁለት ስንኝ ብለው ቀዘቀዙ፣ ጎተቱት፣ ከዚያ እጃቸው ጭራሹን ቆመ። «ምነው፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» አሉ። ፊልሙ ይዞራል።

ይኼኔ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አቶ ሰይድ የሚባሉ የከተማው ጨርቅ ነጋዴ አላስቻላቸውም። ብድግ ብለው ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩና እንዲህ አሉ፦

«ተቀበል!
ጆሮውን ደፍኖ፣ ሰውን ዝም ያሰኘ፣
ከሸገር ተነሥቶ ምን ሊሰማ ተገኘ?»

ወይ ጉዴ! አያ አላምረው ዓይናቸው በራ። ማሲንቆውን ገዘገዙት፣ ግጥሙን ተቀብለው አዜሙት፣ ሕዝቡ በጭብጨባና በእልልታ አነሳው። እጄ በልማዱ ወደ ላይ ሄደ። ካሜራማኑ ላቁም ወይ ብሎ ያየኛል።

ማዳመጫውን አወለቅሁ። ለካ እንዲህ ነበር የሚሰማው! ሳላስበው እየሳቅሁ ነበር። እጄን አወረድሁና ጋሽ በቀለ ፊት የቆመውን ማይክራፎን ነቅዬ ተመልካቹ መሐል ተከልሁት። ከዚያ በኋላ ፊልሙ እስኪያልቅ ግጥሙ ዘነበ፤ ግማሹ በእኔ ላይ ነበር።

አዲስ አበባ ስመለስ ኃላፊዬ የዘፈኑን ቅጂ ከፍተው «ተቀበል!» ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው?»

«ሰዉ ነው፣ ጌታዬ። እነሱ ዝም ሲሉ ዘፈኑም ይቆማል።»

እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ መልሰውም ከፈቱት። እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር ከዜማው ጋር ወለሉን ሲመታ አይቻለሁ።

«ይኼ ጆሮውን የደፈነው የሚሉት ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የቋሚነት ወረቀቴን የፈረሙት እየሳቁ ስለነበር ፊርማቸው ጠማማ ነው፤ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የትም ቦታ ለቀረጻ ስሄድ መጀመሪያ ማዳመጫ ሳላደርግ አንድ ዘፈን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ማይክራፎን የምተክለው ከዚያ በኋላ ነው።