እጅ መንሻ እንጂ ግብር አይደለም

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ውባለም ግን እስኪያድር የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። አሰላ ላይ አሥራ አራት ዓመት ታሪክ ስታስተምር ርእሰ መምህሩ «አንቺ ሴትዮ ከመጽሐፉ ጋር ምን ያጣላሻል?» ይሏት ነበር። እሷም «እሱ ነው የጀመረኝ» ትላለች።

ዲቪ ደርሷት ዳላስ አጠገብ ያለችው ሮውሌት ከተማ ከገባች ወዲህ ሥራዋ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መራመድ የማይችሉ ተሳፋሪዎችን በተሽከርካሪ ወንበር መግፋት ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ገፋች። ሥራዋን አትንቅም። ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ምን ታውቂያለሽ ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም፤ ይህ ያንገበግባት ነበር።

ስለዚህ አንድ የዳላስ ሙዚየም ለጥንት ግብፅ፣ አሦርና ፋርስ ዐውደ ርእይ በየቋንቋቸው የሚያስጎበኙ በጎ ፈቃደኞች ሲፈልግ ቀድማ ተመዘገበች። ሦስት ወር ሙሉ የዕረፍት ቀኗን ማክሰኞን እየሠዋች የግብፆችን የሬሳ ሣጥን፣ የአሦርን ክንፋም በሬዎች፣ የፋርስን ዓምዶች አጠናች። የጊዜያዊ አስጎብኚ ባጅ አንገቷ ላይ ያጠለቁላት ዕለት ሳታወልቀው ገበያ ገብታ ሽንኩርት ገዛች።

የቀራት አንድ ፈተና ነበር። ከቤተ ክርስቲያኗ አሥራ አራት አረጋውያን አምጥታ ማስጎብኘት፤ የበጎ ፈቃደኞቹ አስተባባሪ ሊድያ ደግሞ አብራ እየሄደች ታዳምጣለች። ሊድያ እዚያው ዳላስ አጠገብ ዋይሊ በምትባል ከተማ ያደገች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ አስጎብኚዎች እንዳለ የሚናገሩትን የአማርኛ ጽሑፍ ያስተረጎመችውም እሷ ነች። ውባለም ካለፈች ባጁ የራሷ ይሆናል፤ ከጽሑፉ ከወጣች ትመልሳለች።

የሁለቱ ጠብ በአንድ ቃል ነበር። ከዐውደ ርእዩ ዕቃዎች አንዱ የፋርስ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ደረጃ ግልባጭ ነው። ከየአገሩ የመጡ መልእክተኞች ለንጉሡ የሚያቀርቡትን ይዘው ሲገቡ ተቀርጸዋል፤ በመጨረሻ የኩሽ ሰዎች አሉ። ጽሑፉ «ግብር ሊያስገቡ የመጡ» ይላቸዋል።

«ግብር አይደለም» አለች ውባለም ከፈተናው ሳምንት ቀደም ብላ። «አንድ የጥንት ግሪካዊ ጸሐፊ እንኳ ስጦታ ያመጡ ነበር እንጂ ግብር የለባቸውም ብሏል። ቃሉ እጅ መንሻ ነው።»

«እትዬ ውባለም፣ ስክሪፕቱ እኮ አፕሩቭ ሆኗል» አለች ሊድያ። «ማለቴ፣ ሚኒንጉ ያው ሴም አይደል?»

«ገባርና እንግዳ አንድ ናቸው?»

«ኦኬ፣ ግን ቼንጅ ካደረግሽ ሪፖርት ማድረግ አለብኝ።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ውባለም ለአንድ ቃል ብዬ የሦስት ወር ድካሜን አላፈስም ብላ ለራሷ ነግራ መጣች። ደረጃው ጋ ስትደርስም እንደ ጽሑፉ ጀመረች። «እነዚህ የኩሽ ሰዎች ናቸው። ለንጉሡ ግብር...»

ሳትጨርስ የሰማንያ አራት ዓመቱ ጋሽ ክፍሉ ከዘራቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉ። «ታድለው! ንጉሡ ግብር ጠርቷቸው ነዋ። ያቺ ዕቃም የጠጅ ሳትሆን አትቀርም» አሉ። ለእሳቸው ግብር ማለት ቤተ መንግሥት የሚበላ ድግስ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

ውባለም አልሳቀችም። አፈረች። የማታምንበትን ቃል አሥራ አራት ሰው ፊት አውጥታለች። ነገሩን በሳቁ ማለፍ ትችል ነበር።

«ተሳስቻለሁ» አለች ጮክ ብላ። «ግብር ያልኩትን ተዉት። ጋሼ፣ ይህን እጅ ይዩ። ባለሟሉ የፊተኛውን ሰው እጁን ይዞ ነው የሚያስገባው። እጁን ተይዞ የሚገባ እንግዳ ነው እንጂ ገባር አይደለም። ይሄኛው ክዳን ያለው ዕቃ ይዟል፣ ያኛው የዝሆን ጥርስ ተሸክሞ እንስሳ ይስባል። ያመጡት እጅ መንሻ ነው።»

ሊድያ ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች።

«የኛ ሰዎች ናቸዋ?» አሉ ጋሽ ክፍሉ ደስ ብሏቸው።

«አይደሉም ጋሼ። ዛሬ ሱዳን ከምንለው አገር ናቸው።»

«መጽሐፍ ቅዱሱ ኢትዮጵያ ይላቸው የለ?»

«ስሙ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ግን ጎረቤቶቻችን ናቸው። የጎረቤት ስም ሲጠፋስ ዝም ይባላል?»

ሽማግሌው ትንሽ ቅር አላቸው። እሳቸውን ለማስደሰት ብላም አትዋሽም።

ጉብኝቱ ሲያልቅ ሊድያ ፊቷ ቀልቶ መጣች። «እትዬ ውባለም፣ አይም ሶሪ። ባጁን...»

ውባለም ልጅቱ እስክትጨርስ አልጠበቀችም፤ ባጁን ከአንገቷ አውልቃ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «አንቺ ሥራሽን ነው የሠራሽው። ግን ረስታ ነው፣ ተሳስታ ነው ብለሽ እንዳትጽፊ። እያወቀች ነው ያለችው በይ። ቃሉንም ጻፊው።»

ሊድያ ወረቀቷ ላይ አጎነበሰች።

«እጅ መንሻ... እንዴት ነው ስፔል የሚደረገው?»

ውባለም ፊደል በፊደል አስጻፈቻት።