ለዘይነባ የለቀቅኩት ወንበር

ይህንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይህችን እዘላት ነበር። እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ መናገር ይቀላል። ይህም ያው ፍርሃት ነው።

በደርግ ጊዜ፣ አሶሳ አጠገብ በነበረ የሰፋሪዎች ጣቢያ፣ ጋራዥ ውስጥ ንድፍ አውጪ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩ፣ እጄ ግራሶ የማይነካ ሴት። በያጆቹን እንቃቸው ነበር። ራሴን እንደ መሐንዲስ እቆጥር ነበር።

ክረምት ሲገባ የባምባሲ መንገድ የጣቢያውን ጂፕ በሆዱ ያስተኛዋል። የጣቢያው አስተባባሪ «ከፍ አድርጉልኝ» አለ። መኪና ከፍ ሲል የፊት አክሰሉን ከሻንሲው የሚያያይዘው ክንድ፣ ብራቾ የምንለው፣ ያጥራል። ረዘም ያለ፣ መሐሉ ላይ የጎበጠ ብራቾ ነደፍኩ። ጉብጠቱ ደጋፊ ላሜራ ያስፈልገው ነበር። ረሳሁት።

የምናዘዘው መርሳቴን አይደለም። ብራቾው ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ መኪናው ላይ ከታሰረ በኋላ ጉድለቱን አየሁት። አይቼ ዝም አልኩ። ለምን? በያጆቹ «የሴት ንድፍ» ብለው እንዳይስቁብኝ። ሳቅ ፈርቼ፣ ያችን ብቻ።

በጋራዡ ልማድ አዲስ ዕቃ የሠራ ሰው በመጀመሪያው ጉዞ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል። ጠዋት ሾፌሩ ጋሽ መኮንን ጡሩንባ ነፋ።

«ነይ እንጂ መሐንዲሷ፣ ወንበሩ ሙሽራ ሆኖ ይጠብቅሻል!»

በያጆቹ ሳቁ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ዘይነባ የምትባል ከወሎ የመጣች ሰፋሪ፣ ትኩሳት የያዘውን ልጇን አዝላ፣ አሶሳ ክሊኒክ አድርሱኝ እያለች ቆማ ነበር። ከኋላ ጆንያ ስለተጫነ ቦታ የለም ተብላለች።

«በእኔ ወንበር ትሂድ» አልኩ።

ጋሽ መኮንን ወደ በያጆቹ ዞረ። «አያችሁ? እናንተ ለእናታችሁም አትለቁም።»

ተመሰገንኩ፤ ምስጋናውንም ቆሜ ተቀበልኩ። «ውረዱ» ማለት ይበቃኝ ነበር። እያወቅኩ እናትና ልጅ አስቀመጥኩበት። እኔ ነኝ። በሩንም የዘጋሁላት እኔ ነኝ።

ቁልቁለቱ ላይ ብራቾው ታጠፈ፤ ጂፑ ቀርከሃው ውስጥ ተገለበጠ። ሾፌሩና ልጁ ዳኑ። የዘይነባ ቀኝ እግር ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። አስተባባሪው መንገዱን ረገመ። እኔም አብሬው ረገምኩ።

ዘይነባም እንደ እኔ ዛሬም እዚሁ አሶሳ አጠገብ ናት። ማንጎ ሲደርስ ከጓሮዋ ለቅማ፣ በምርኩዝ ቤቴ ድረስ ታመጣልኛለች።

«እታለም፣ እንኳን አንቺ አልሆንሽ» ትለኛለች። «ለእኔ ብለሽ ለቀሽ፣ ከኋላ ጆንያው ላይ ወጥተሽ ብትጎጂ ኖሮ፣ አላህን በምን ዓይኔ አየው ነበር?»

«ተይ እንጂ» እላታለሁ፣ እንደ ትሑት ሰው። ስትሄድ ማንጎውን ልጬ እበላለሁ። ይጣፍጠኛል።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ እግሩ የእናንተ አይደለም። እሷን ብጠይቃት ትምረኛለች፣ አውቃታለሁ። ታዲያ ለምን አልነገርኳትም? ያን ጊዜ ዝም ያልኩት እንዳይሳቅብኝ ነው። አሁን ዝም የምለው ደግሞ «እንኳን አንቺ አልሆንሽ» መባሉ እንዳይቀርብኝ ነው።