ውሃ ወደሌለበት ኮከብ የሄደው ግመል

ያኔ ሲኒማ ያማረው ሰው ድሬዳዋ ይወርድ ነበር። እኔ ግን በደርግ ጊዜ እዚሁ አሰበ ተፈሪ፣ በሽንኩርት መጋዘኔ ውስጥ ሲኒማ አሳይቻለሁ። ይህን ባወራሁ ቁጥር ደረቴ ይነፋል፤ ይነፋ፣ የራሴ ደረት ነው።

ነገሩ የመጣው ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ ልብ ወለድ ነው። ውሃ ወደሌለበት ሩቅ ኮከብ በብረት መርከብ ስለሄዱ ሰዎች ይተርካል። ያዋሰኝ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የሳይንስ መምህር ነው። ከሰዓት ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ጫታቸውን ይዘው ሱቄ ለሚሰበሰቡ ደንበኞቼ ከአማርኛው እያየሁ በኦሮምኛ እተርክላቸዋለሁ። አንድ ቀን ከአሰቦት በኩል የሚመጡ ሽማግሌ የግመል ነጋዴ አቋረጡኝ።

«ቆይ! ውሃ የለም አልክ። ታዲያ የሚጠጡትን በምን ጫኑ?»

መጽሐፉ አይናገርም። አንባቢ ደግሞ አንዴ «እኔ እንጃ» ካለ፣ በማግስቱ ሰሚ የለውም።

«በግመል» አልኩ።

«እንዲህ በል እንጂ!»

ከዚያ ወዲያ ግመሉን ማን ያውጣው? ታመመ፣ ዳነ፣ መርከቢቱ ስትሰበር ሰዎቹን ወደ ውሃ የመራቸው እሱ ሆነ። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

መምህሩ የሰዉን ፍቅር አይቶ «ለምን በትልቅ መጋረጃ አናሳየውም?» አለኝ። ኦሮምኛ ስለማይሰማ የግመሉን ነገር አያውቅም። ጥላቸው መጋረጃው ላይ እንዲያርፍ፣ መርከቡንም ሰዎቹንም ልክ በመጽሐፉ እንዳሉት ከካርቶን ቆረጠ። ልነግረው አስቤ ነበር፤ አፈርኩ። በአፌ ግመል የጨመርኩ ሰው፣ በሚዛኔ ድንጋይ አልጨመርኩም ብል ማን ያምነኛል?

ፈቃድ ልጠይቅ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ «ኮከቡ ላይ ባላባት አለ?» አሉኝ።

«ሰው የሚባል የለበትም፣ ጓድ።»

«ጥሩ፤ ይታይ።»

እሑድ ከሰዓት መስኮቶቹን በጆንያ ደፈንን። አራት አቡጀዲ ጎን ለጎን አሰፍቼ ዘረጋሁ። ከበስተጀርባ ኤንትሬ ጭነት መኪናዬን አቁሜ መብራቱን ለቀቅኩበት። ከሂርና ሳይቀር ሰው መጥቷል። የመኪናው ጭስ ሲገባ የመርከቢቱ መስሏቸው አጨበጨቡ፤ እኔም አላረምኳቸውም።

መርከቢቱ ወደቀች። የካርቶን ሰዎች ውሃቸውን በትከሻቸው ተሸክመው አሸዋውን ጀመሩት። ያን ጊዜ ከፊት ወንበር የሽማግሌው ድምፅ መጣ፦

«ግመሉስ?»

ወዲያው መጋዘኑ በሙሉ በኦሮምኛም በአማርኛም «ግመሉ የታለ? አቦ፣ ግመሉን አምጡ!» አለ።

«የምን ግመል ነው?» አለኝ መምህሩ፣ ካርቶኑን እንደያዘ።

መሸሻ አልነበረኝም። ከመጋረጃው ፊት ወጣሁና «ወገኖቼ፣ መጽሐፉ ውስጥ ግመል የለም። የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«አንተ! ዕድሜ ልኬን ግመል ስነዳ የኖርኩት ሰውዬ፣ ግመል በብረት መርከብ እንደማይገባ ካንተ ልማር? ወላሂ ያን ቀን ነው ያወቅኩብህ። ዝም ያልኩት ግመሉን ስለወደድኩት ነው። ሚዛንህ ላይ እንዳትለምደው እንጂ፣ አሁን አምጣው!»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። መምህሩ የሳሙና ካርቶን ገንጥሎ መቀሱን አነሳ። ሽማግሌውም ከመጋረጃው ኋላ መጥተው ከራሱ በላይ ቆሙና በሰባራ አማርኛቸው አዘዙት።

«አንገቱን አርዝመው፣ መምህር። ይሄ ፍየል ነው።»

ግመሉ ሻኛውን ይዞ በአቡጀዲው ላይ ብቅ ሲል የተሰማው እልልታ ለሙሽራም ተብሎ አያውቅም። ያን ኮከብ ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ ሰዎቹን ውሃ አደረሳቸው። ያን ቀን ከመጋዘኔ የወጣ ሰው ሁሉ «የኛ መጽሐፍ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በሳምንቱ የሂርና ሰዎች ጠሩን። መምህሩ መርከቢቱን ከሽንኩርቱ ጋር ከኋላ ጫናት፤ ግመሉን ግን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ እስከ ሂርና ጭኑ ላይ ይዞት ሄደ።