ጎታ አይሰበርም

ከተማ ቆይቶ የመጣ ሰው ጎታ «ተሰበረ» ሲል ከሰማሁ ሳላርመው አላልፍም። የሚሰበረው እንስራ ነው፤ እሳት ስለገባ አንዴ ከተሰነጠቀ ገል ሆኖ ይጣላል። ጎታ ግን እሳት አያይም። ጭድና እበት በተቀላቀለበት ጭቃ፣ አንዱ ዙር ሲደርቅ ሌላው እየተደረበበት እዚያው ቤት ውስጥ የሚሠራ የእህል ማስቀመጫ ነው። ስለዚህ ይፈርሳል እንጂ አይሰበርም፤ የፈረሰውም አፈር ውሃ ካገኘ ተመልሶ ይቦካል። ትዳርንም ፈረሰ ነው የምንለው።

ይህን ያወቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ነው። ቤታችን ከላሊበላ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። እናትና አባቴ በምን እንደተጣሉ ዛሬም በቅጡ አላውቅም። ሁለቱም ግትሮች ነበሩ፤ እኔም ከሌላ አላመጣሁትም።

ሽማግሌዎች ተቀምጠው በጎቹንና የቤቱን ዕቃ አካፈሏቸው። ጎታውን የሠራችው እናቴ ናትና ለእሷ ደረሰ። ችግሩ፣ ጎታው በበሩ አይወጣም።

«ተይለት ልጄ» አሏት አንደኛው ሽማግሌ፤ «ይህን እንዴት አድርገሽ ትወስጂዋለሽ?»

«አፍርሸ ነዋ፣ አባቴ። ግማሹን እተውለታለሁ።»

ዘነዘናውን አንስታ መታችው። ግማሹን አፈር በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ በአህያ አስጫነች። ሽማግሌዎቹ ብልባላ አፈር ጠፋ ወይ እያሉ ሳቁባት። እሷ አልሳቀችም። «የብልባላን አፈር እኔ መች አሸሁት» አለችና ብልባላ ወደሚኖረው ወንድሟ ቤት ሄደች። እኔ ቤታችን ለትምህርት ቤቱ ስለሚቀርብ ከአባቴ ጋር ቀረሁ።

ግማሹ አፈር ጥግ ላይ ተከምሮ ቀረ። ፈረሰ እንጂ አልተሰበረም እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር። አንድ ቀን ትመጣለች፣ ታቦካዋለች፣ ጎታውም ቤቱም ይቆማል። አባቴ ገብሱን በከረጢት እያስቀመጠ አይጥ ጨረሰው። ጎረቤቶች ያን አፈር ወዲያ ጣለው ሲሉት «ተዉት» ብቻ ይላል። ስጠርግም ዙሪያውን እየዞርሁ ነበር የምጠርግ። አባቴ አለመጣሉ የስንፍና ይመስለኝ ነበር።

በየበዓሉ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ስሄድ ጎታዋን ሠርታ አገኘኋት። ከድሮው ያነሰ ነው፤ ግን ሞልቶ፣ አፉ ተከድኖ ቆሟል። እንደማትመለስ ያን ቀን ቁርጡን አወቅሁ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ጭቃው እንዴት እንደሚታሽ፣ ጭዱ ስንት እንደሚገባ ጠየቅኋት። አንድ በአንድ አሳየችኝ።

ከዚያ አባቴ ለለቅሶ ሙጃ ወደሚባል አገር ሄዶ ሰነበተ። እኔን ለጎረቤት አደራ ብሎ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ አፈሩን አራስሁ፣ በእግሬ ረገጥሁ፣ በየቀኑ አንድ አንድ ዙር ደረብሁ። ወገቡ ላይ ትንሽ ዘመም አለ እንጂ ጎታ ሆነ። አባቴ አይጥ በበላው ገብስ ከመማረር ይድናል፣ ደስም ይለዋል ብዬ በር በሩን አይ ነበር።

ሲመጣ ዱላውን ሳያስቀምጥ መጀመሪያ ባዶውን ጥግ አየ፤ ቀጥሎ ጎታውን።

«ያ አፈር ነው?»

«አዎ፣ አባየ። ምንም አልተረፈም።»

መደቡ ላይ ተቀመጠ። በእጁ የጎታውን ከንፈር ዳበስ ዳበስ አደረገና ቀና ብሎ አየኝ።

«እሷ የመጣች ጊዜ በምን ልትሠራ ነው?» አለኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ የምጠብቃት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።