ያልጓጎለው ጠብታ

ድሬሰር ላቀው በመካነ ሰላም ዙሪያ ስሙ የተጠራው በመርፌው ሳይሆን ባለማዳላቱ ነበር። የቄስ ልጅ ነው። ዳዊት ከደገመ በኋላ ደሴ ሄዶ ድሬሰርነት ተምሮ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ታይፎይድ ሲመረምር ኖሯል። መመርመሪያው መስታወት ላይ ያለው የደም ጠብታ ከጓጎለ በሽታው አለ፤ ካልጓጎለ የለም። ዓይኑ ይህን ሳያስብ ያነበዋል።

በ1977 ረሃቡ ገበሬውን ከየቀዬው ነቅሎ ከተማው ዳር ድንኳን ውስጥ አፈሰሰው። ለነፍሰ ጡር ተጨማሪ ፋፋና ዘይት ይሰጥ ተባለ። ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች ግን በምን ይታወቅ? ረሃቡ የሴቱን ሁሉ የወር አበባ አስቀርቶታል፤ ሆዱ የተነፋው ደግሞ ብዙ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እህቶቹንና ምራቶቹን በሙሉ ነፍሰ ጡር ብሎ አስመዘገበ። አብዮቱ ማስፀነስም የጀመረ ይመስል ነበር።

ይህን ጊዜ ሲስተር ደብረወርቅ የምትባል ነርስ የሽንት መመርመሪያ ሳጥን ይዛ መጣች። አንዱ ብልቃጥ የእርግዝናን ሆርሞን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል አለበት፤ ሌላው ያንኑ ሆርሞን የተሸከሙ ነጫጭ ደቃቅ ቅንጣቶች። ሴትየዋ ካረገዘች፣ ሽንቷ ውስጥ ያለው ሆርሞን ፀረ እንግዳ አካሉን ቀድሞ ይሻማዋል፤ ነጩ ሳይጓጉል ይቀራል። ካላረገዘች ይጓጉላል። ነገሩ ከታይፎይዱ የተገላቢጦሽ መሆኑን ነግራው ወደ አቀስታ ሄደች። ላቀው ራሱን ነቀነቀ። ደጁ ላይ መቶ ሰው ተሰልፎ ነበርና ሰማ እንጂ ልብ አላለም።

የሊቀ መንበሩ ዘመዶች ነፍሰ ጡር ተብለው ምርመራውን አንድ በአንድ አለፉ። ሰውየው መጀመሪያ ሳጥኑን ፈርቶት ነበር፤ አሁን በየስብሰባው ሳይንስ አያዳላም እያለ ያወድሰው ጀመር። ይህ እንኳ ላቀውን አላነቃውም።

በሦስተኛው ሳምንት አስቻለች የምትባለው የላቀው ታናሽ እህት ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ፣ ከአባይ አፋፍ ተነሥታ ድንኳኖቹ ዘንድ ደረሰች። የሽንቷ ጠብታ ጥቁሩ መመርመሪያ መስታወት ላይ ሳይጓጉል እንደ ለሰለሰ ቀረ። አላረገዝሽም አላት።

«ወንድምዓለም፣ ሦስት ወልጃለሁ እኮ። ሰውነቴን አላጣውም።»

«መስታወቱ ዘመድ አያውቅም» አላት። ሊቀ መንበሩ ቆሞ ይሰማ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ላቀው ይህን ሲል ደስ ብሎታል።

ወር ሳይሞላት ድንኳኗ ውስጥ ደም ፈሰሳት። ላቀው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲደርስ አልፋለች፤ አጠገቧ በነጠላ የተጠቀለለው የአምስት ወር ወንድ ፅንስ ነው። ከቀብር ተመልሶ የራሱን ሽንት መስታወቱ ላይ ጠብ አደረገ። ነጩ ጓጎለ። በእሱ አነባበብ እሱም ነፍሰ ጡር ነበር።

መስታወቱን አልሰበረም፤ ምን አድርጎት? መዝገቡን ያዘና በየድንኳኑ እየዞረ አላረገዛችሁም ብሎ የመለሳቸውን ሴቶች ስም መጥራት ጀመረ። ከሃያ ሦስቱ አቤት ያሉት ዘጠኝ ናቸው። መዝገቡ ላይ የመጨረሻው ስም የአስቻለች ነበር፤ እሷንም ጠራት።