የዘሀራ ወለል

ባለፈው ሳምንት ለልምምድ በሄድንበት የሕፃናት ማገገሚያ ክፍል የብረት ጣሳ ወድቆ ሲንኳኳ፣ ፍራሽ ላይ የተኛው ልጅ ሁለት እጆቹን ድንገት ዘርግቶ እንደ እንጨት ደረቀ። መምህራችን ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው፣ አንጎል ተጎድቶ ጡንቻ አልታዘዝ የሚልበት ችግር ያለባቸው ብዙ ልጆች ድንገተኛ ድምፅ ሲሰሙ ሰውነታቸው ሳያዙት እንዲህ እንደሚገታተር አስረዱን። በዚህ ዕድሜዬ የአካል ማገገሚያ ሕክምና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ አንድም ቃል እንዳያመልጠኝ የምጽፈው እኔ ያን ጊዜ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ፤ ዘሀራ ፊቴ ድቅን አለች።

በደርግ ጊዜ እሪ በከንቱ ውስጥ፣ ለሦስት ቤተሰብ በተሸነሸነ፣ ስንራመድበት በሚያቃስት ባለ ሳንቃ ወለል አሮጌ ቤት እንኖር ነበር። ዘሀራ የጎረቤታችን የእትዬ ከድጃ ልጅ፣ የእኔም እኩያ ናት። መቀመጥም መናገርም አትችልም፤ ጣቶቿ እንደተጨበጡ፣ አንገቷ ወደ ጎን እንደዞረ፣ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ስስ ፍራሽ ላይ ትውላለች። እናቷ ምጥ እንደጠናባቸውና ሕፃኗም ስትወለድ ቶሎ እንዳላለቀሰች ይናገሩ ነበር፤ ሰፈሩ ግን ልክፍት ነው ብሎ ደምድሟል።

አንድ ዓመት ላይ ወጣቶች በጠራራ ፀሐይ ይታፈሱ ነበር። ከቸርችል ጎዳና በኩል ወታደሮች የጫነ መኪና ሊመጣ ሲል፣ እኛ ምንም ሳንሰማ ዘሀራ ድንገት ትገታተራለች፣ ዓይኖቿ ይፈጣሉ። ጥቂት ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ ይደርሳል፤ ከዚያ ከአንዱ ቤት ለቅሶ ይሰማል።

የሌላኛዋ ጎረቤታችን የእትዬ አሰለፈች የበኩር ልጅ በተወሰደ ማግስት፣ እሳቸው መጥተው የእነ ዘሀራ በር ላይ ቆሙ።

«ይቺ ናት የምትጠራቸው! ከድጃ፣ ልጅሽን ይዘሽ ከዚህ ቤት ውጪልን!»

እትዬ ከድጃ አልተቆጡም። «ነይ፣ ጆሮሽን እዚህ ሳንቃ ላይ ጣይ» አሏቸው።

ግርግሩን ሰምተን የመጣነው ሁሉ ተንበረከክን፤ አባቴ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ ተጋደመ። ሳንቃው ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ የራሴን ልብ ምት ብቻ ሰማሁ፤ ቆይቶ ከመሬት በታች አንድ ነገር አጉረመረመ፣ ዘሀራም ክርር አለች። መኪናው በመስኮቱ በኩል የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ሳይቆም አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ዘሀራ ስትገታተር የሰፈሩ ወጣቶች በጓሮ አጥር ዘለው ይጠፋሉ። እሷ ግን በእያንዳንዱ ድንጋጤ ጡንቻዋ ተቋጥሮ፣ ላብ አጥምቋት ታቃስታለች። እናቷ ይህን ሲያዩ ከፍ ያለ አልጋ አምጥተው፣ የወለሉ ንዝረት እንዳይደርስባት በአልጋው እግሮች ሥር ወፍራም ጨርቅ ወትፈው እዚያ አስተኟት።

እትዬ አሰለፈች በማግስቱ መጡ። «ከድጃዬ፣ አንዱ ብቻ ነው የቀረኝ። መልሰሽ አውርጃት።»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እሷን ጠይቂያት እንጂ። ወደ ላይ ካየች እሺ ማለቷ ነው።»

እትዬ አሰለፈች አላመኑም፤ ግን ጎንበስ አሉ። «ዘሀራዬ፣ ትወርጂልኛለሽ?»

ዘሀራ ፊታቸውን ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ዓይኖቿ ቀስ ብለው ወደ ጣሪያው ወጡና እዚያው ቆዩ። ለካ ስለ እሷ አጠገቧ ቆመን ያወራነውን ሁሉ ስትሰማ፣ ስትረዳ ኖራለች። እትዬ አሰለፈች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ፤ እትዬ ከድጃም ዘሀራን መልሰው ወለሉ ላይ አወረዷት።

ሁለተኛ ልጃቸው ተርፎ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። ዘሀራን አንድ ክረምት ሳል ወሰዳት፤ ቤቱም ፈርሶ መንገድ ሆኗል። ዓይኗን ማንበብ ካወቅን በኋላ እንኳ የምንጠይቃት ስለ መኪና ብቻ ነበር። ምንም መኪና በማይመጣባቸው ረጃጅም ከሰዓት በኋላዎች፣ ጆሮዋ ሳንቃው ላይ እንዳለ ብቻዋን ስትስቅ፣ ከታች ምን ትሰማ እንደነበር አንድም ሰው አልጠየቃትም።