የዐብዱረሕማን ድምፅ የነበረበት ኮምፒዩተር

ፈህሚያ ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ማዶ ባለች አንዲት ክፍል ኮምፒዩተር ትጠግን ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉ የጠፋበት ተማሪ ሁሉ እየሮጠ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። የአራዳ ገበያው ጨርቅ ነጋዴ አባቷ ዐብዱረሕማን "ልጄ የሞተ ማሽን ታስነሳለች" እያሉ ለደንበኞቻቸው ያወሩላት ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ዐብዱረሕማንን የጉሮሮ ካንሰር ያዛቸው። ቀዶ ጥገናው ድምፃቸውን እንደሚወስደው ሐኪሞቹ ሲነግሯቸው፣ ፈህሚያ ድምፃቸውን ልትቀዳ ማይክሮፎን ገዝታ ቤት ያለው ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጠቻቸው። ከመተማ ሸቀጥ ስላመጡበት ዘመን፣ እናቷን ሰኪናን ስላጩበት ቀን አወሩ፤ መንዙማም አሉ። ሰኪና በመሀል እየገቡ ሲያርሟቸው ዐብዱረሕማን ስማቸውን እየጠሩ ይስቁ ነበር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዓመት አልቆዩም።

ኋላ በአንዱ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና የኮምፒዩተሩን ኬዝ፣ የብረት ሳጥኑን፣ ዝገት በላው። ፈህሚያ አዲስ ኬዝ ገዝታ አንድ እሑድ ጠዋት ከሃርድ ዲስኩ በቀር የውስጥ ዕቃውን ሁሉ አዛወረች። የአባቷን ድምፅ ወደ ሲዲ ልገልብጠው ስትል ነበር የከረመችው፤ የሰው ሥራ እየቀደመባት ሳትገለብጠው ቀረች።

ማብሪያውን ስትጫን ማራገቢያው ጥቂት ዞሮ ቆመ። ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ አውጥታ በላጲስ ጠርጋ መለሰችው። ያው ነው። ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላይ በሌላ ቀይራ ሞከረች። አሁንም ያው። ዋናውን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ አውጥታ ካርቶን ላይ አድርጋ ስታበራው ግን ሠራ። ችግሩ ያለው ኬዙ ላይ ነው ማለት ነው። በባትሪ ስታይ አገኘችው፤ ቦርዱን ከፍ አድርገው ከሚይዙት የነሐስ ቡሎኖች አንዷ ያለቦታዋ ገብታ የቦርዱን ጀርባ እየነካች ኤሌክትሪኩን ታቋርጣለች። ነቀለቻት። ቦርዱን መልሳ ስታስረው ስክሪኑ በራ።

ከደስታዋ ብዛት የአባቷ ድምፅ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ሳታስረው፣ በገመዱ እንደተንጠለጠለ ሰካችው። እየሠራ ሳለ ኬዙን ወደ ግድግዳው ስትገፋው ዲስኩ ተወዛውዞ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ነቀለችው፤ ግን ረፍዷል።

ጎረቤቷ ምናለ እንደ እሷው ጠጋኝ ነው። ዲስኩን በራሱ ማሽን ሞክሮ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና ነቀለው።

"ምን ነበረበት?" አላት።

"አባቴ።"

ምናለ ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት። አዲስ አበባ፣ ከተበላሸ ዲስክ መረጃ ወደሚያወጡ ባለሙያዎች ላከችው፤ ውስጡ ተፍቋል፣ ምንም አይወጣም ብለው መለሱላት።

ለእናቷ ለመንገር ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ስትነግራቸው ሰኪና መጀመሪያ የገባቸው አልመሰሉም።

"እኔን የጠራበትስ?" አሉ።

"እሱም የለም፣ እማ።"

"አላህ ያመጣውን ምን ይደረጋል። አንቺ አታልቅሺ፣ ልጄ።"

ከዚያ ወዲህ ስለ ዲስኩ አንስተው አያውቁም። አንድ ቀን ብቻ፣ ልብስ እያጣጠፉ ሳለ እንዲህ አሉ፤ "ድምፁን ላስታውስ ስል የሚመጣብኝ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የነበረው ትንፋሹ ነው። አንቺስ ይመጣልሻል?"

"ይመጣልኛል" አለች ፈህሚያ።

ለእሷም የሚመጣባት ያው ትንፋሽ ነበር።